«ዓሣ ጥብስ» ለምን አይከፈትም? የጃንጎ አድራሻና ስታቲክ ፋይል ጥገና ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ሥራው የአክስቴ የምግብ አዘገጃጀት ድረገጽ ነው። አክስቴ ለብዙ ዓመታት ቤቷ ውስጥ ምግብ አሠራር ስታስተምር ኖራለች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ዛሬ ውጭ አገር ናቸው። ልጇ ደብተሯ ላይ ያለውን ሁሉ እየጻፈ በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ድረገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው) ድረገጽ ጀምሮላት ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጊዜ አጣና ሥራው ወደ እኔ መጣ።

አሁን ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። የልጁ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ገጹ ያለ እንከን ይሠራል። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይመጣል። ቀለም የለ፣ ፎንት የለ፣ ፎቶ የለ። የምግቦቹ ዝርዝር ሲከፈት 500 (የሰርቨር ስህተት) ይላል። «ዓሣ ጥብስ» የሚለውን ሊንክ የሚጫን ሰው 404 (ገጹ አልተገኘም) ይገጥመዋል። አንዳንድ ምግቦች ደግሞ ያለ ችግር ይከፈታሉ።

አንድ ነገር ላይ ከወዲሁ አቋም ይዣለሁ። የምግቦቹ አድራሻ በራሳችን ፊደል መሆን አለበት። «/ምግብ/ዶሮ-ወጥ/» ብሎ መጻፍ እየተቻለ ወጣችንን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። ጃንጎ ይችለዋል፤ መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማንኛውንም ሴቲንግ ከመንካቴ በፊት አንድ ጥያቄ እመልሳለሁ፦ ይህን 404 የሰጠኝ ማነው? ከብራውዘሩ ጀርባ ሁለት መልስ ሰጪዎች አሉ። ፊት ለፊት ጥያቄ የሚቀበለው ድር ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ቆሟል፤ ከኋላው ጉኒኮርን የሚባለው ፕሮግራም ጃንጎን ያንቀሳቅሳል። ኤንጂንኤክስ ራሱ ሲመልስ ነጭ ገጽ፣ መሀል ላይ ትልቅ ቁጥር፣ ከሥሩ የራሱ ስም ይታያል። ጃንጎ ሲመልስ ያ ስም የለም። ይህን ሳይለዩ አድራሻ ፋይል (አድራሻዎቹ የሚዘረዘሩበት የጃንጎ ፋይል) ውስጥ መግባት ጊዜ መግደል ነው። የስታቲክ ፋይሎቹን፣ ማለትም የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ፋይል)፣ የፎንትና የፎቶን፣ 404 የሚሰጠው ኤንጂንኤክስ ነው። የ«ዓሣ ጥብስ»ን የሚሰጠው ጃንጎ ነው። ስለዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ለየብቻ ይታከማሉ።

ሰኞ ከሰዓት

በስታቲክ ፋይሎቹ ጀመርኩ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ለምን እንደማይሠራ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት፤ ማወቅ ፈልጎ ነበርና።

ጃንጎ ሲኤስኤስና ፎቶ ማደል ሥራዬ ነው ብሎ አያምንም። «ዲበግ» የሚለው የስህተት መፈለጊያ ሴቲንግ «ትሩ» (ክፍት) ሲሆን ብቻ «ራንሰርቨር» የሚባለው ትእዛዝ በውለታ ያድላል። «ፎልስ» (ዝግ) በተደረገ ቅጽበት ያቆማል። ጉኒኮርን ደግሞ ከመጀመሪያውም አያድልም። ሰርቨር ላይ ፋይሎቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ ለኤንጂንኤክስ ማስረከብ ያስፈልጋል።

«እና እኔ ለሰርቨሩም ዲበግን ትሩ ላድርገው?» አለኝ።

«በፍጹም እንዳታደርገው ወንድሜ» አልኩት። ዲበግ ትሩ ሲሆን የሚወጣው የስህተት ገጽ፣ ስህተት ሲፈጠር የኮዱን ሆድ ዕቃ ለመንገደኛ ሁሉ ይዘረግፋል። ሴቲንጎች፣ የፋይል አድራሻዎች፣ ምኑ ቅጡ።

ስታቲክን በተመለከተ ሰው የሚያምታታቸው ሦስት ሴቲንጎች ናቸው። «ስታቲክ ዩአርኤል» ብራውዘሩ የሚጠራው አድራሻ ነው። «ስታቲክፋይልስ ዲርስ» እኔ የጻፍኳቸው ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ነው። «ስታቲክ ሩት» ደግሞ «ኮሌክትስታቲክ» የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም ሰብስቦ የሚያስቀምጥበት ነው። የመጨረሻው የእኔ አይደለም፤ የማሽኑ ነው። እጅ አይገባበትም፤ ቢጠፋም ትእዛዙ እንደገና ይሠራዋል።

እዚህ ፕሮጀክት ላይ «ስታቲክ ሩት» ጭራሽ አልተጻፈም ነበር። ኮሌክትስታቲክ የት ላስቀምጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱን ፎልደሮች አንድ ማድረግም አይቻልም፤ ጃንጎ ራሱ በስህተት መልእክት ይከለክላል። ሰብሳቢው ፎልደር ከሚሰበሰብበት ፎልደር ጋር አንድ ከሆነ ምን ከምን ይሰበሰባል? ለየሁት። ትእዛዙ አለፈ።

አንድ ፋይል ከየት እንደሚመጣ ሲያጠራጥር «ፋይንድስታቲክ» የሚባል ትእዛዝ አለ። የፋይሉን ስም ይሰጡታል፤ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ በተራ ይነግራል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲኖሩ መጀመሪያ የተገኘው ያሸንፋል። እዚህም ሁለት አፖች (የፕሮጀክቱ ክፍሎች) ውስጥ «ስታይል» የሚባል ሲኤስኤስ ነበር። እያንዳንዱን በአፑ ስም በተሰየመ ንዑስ ፎልደር ውስጥ አስገባሁ።

ማክሰኞ

ፋይሎቹ ተሰብስበዋል፤ ገጹ ግን አሁንም ባዶ ነው። ይህ የኤንጂንኤክስ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የጃንጎን ኮድ ዘጋሁት።

ኤንጂንኤክስ ውስጥ ፎልደር የሚጠቆምባቸው ሁለት ቃላት አሉ፦ «ሩት» እና «አልያስ»። ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ሩት» የተጠራውን አድራሻ በሙሉ ከፎልደሩ መጨረሻ ላይ ይቀጥላል። «አልያስ» የአድራሻውን መጀመሪያ ቆርጦ በፎልደሩ ይተካዋል። በእኛ ፋይል ላይ «ሩት» ተጽፎ፣ ፎልደሩም «ስታቲክ» በሚለው ስም ያበቃል። ስለዚህ ኤንጂንኤክስ ስታቲክ ውስጥ ሌላ ስታቲክ ይፈልጋል። የለም፤ 404።

ይህን የነገረኝ የኤረር ሎጉ (የስህተት መዝገቡ) ነው። ኤንጂንኤክስ ፋይል ሲያጣ የፈለገበትን ሙሉ ቦታ ይጽፋል። ሁለት ጊዜ የተደገመው «ስታቲክ» እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግምት ሴቲንግ ከመቀያየር ያንን አንድ መስመር ማንበብ ይሻላል። «ሩት» የነበረውን ወደ «አልያስ» ቀየርኩት። በአድራሻውም በፎልደሩም መጨረሻ ላይ ስላሽ አደረግሁ፤ አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጎደለ የፋይሉ ስም ከፎልደሩ ስም ጋር ይጣበቃል።

አሁን 404 ወደ 403 (ክልክል ነው) ተቀየረ። ይህ እድገት ነው። ሎጉ ላይ በቅንፍ የሚጻፈው ቁጥርም ተቀየረ፦ 2 የነበረው 13 ሆነ። 2 ማለት ፋይሉ የለም ማለት ነው። 13 ማለት ፋይሉ አለ፣ ግን ፈቃድ የለህም ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃል መያዝ ብዙ ያሳርፋል።

ፈቃዱ የተከለከለው ፋይሉ ራሱ ላይ አይደለም። ፕሮጀክቱ የተቀመጠው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የግል ፎልደርን 750 አድርጎ ይዘጋል። ከባለቤቱና ከቡድኑ በስተቀር ማንም አያልፍም። ኤንጂንኤክስ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ከውጭው በር ላይ ይመለሳል። ውስጥ ያለው ፋይል ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ከንቱ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚዞረው መፍትሔ ሁሉንም ነገር 777 (ለማንም ሙሉ ፈቃድ) አድርገው የሚል ነው። ያንን እንዳታደርጉ። እኔ የተሰበሰቡትን ፋይሎች ከግል ፎልደሩ አውጥቼ ለድረገጽ ወደተለየ ቦታ ወሰድኳቸው። «ስታቲክ ሩት»ን ወደዚያ ቀየርኩ፤ ኮሌክትስታቲክን ደገምኩ።

ገጹ ቀለም ለበሰ። ለአክስቴ በስልክ ላክሁላት፤ «ተመስገን፤ ፎቶዎቹስ?» አለችኝ።

ረቡዕ

ፎቶዎቹ። አጭር ነው። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን በፋይል ስም ላይ አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ካሜራው ቅጥያውን (የፋይሉን ስም መጨረሻ) በትልቅ ፊደል ይጽፋል፤ ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ ፋይል) በትንሽ ይጠራል። ሁሉንም የፋይል ስም ወደ ትንሽ ፊደል ለወጥኩ።

በአማርኛ የተሰየሙት ፎቶዎች ያለ ምንም ችግር መጡ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ በሽታ አይነካውም። ጃንጎም ፋይል ሲቀበል የአማርኛውን ስም አይሰርዝም፤ ባዶ ቦታውን በሥር ሰረዝ ይተካል።

አክስቴ ራሷ የምትጭናቸው ፎቶዎች ግን ስታቲክ አይደሉም፤ «ሚዲያ» ናቸው። ኮሌክትስታቲክ አይነካቸውም። የራሳቸው ፎልደርና የራሳቸው የኤንጂንኤክስ መስመር ይፈልጋሉ። ያንንም ጨመርኩ።

ሐሙስ

ወደ ዋናው ደረስኩ። ዛሬ አድራሻዎቹ ናቸው።

ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ አንድ ጋዜጣ ቤት ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ለጽሑፍ አድራሻ ውበት ያለው ጭንቀት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ቁጥርና ጥያቄ ምልክት ከሚደረደር ይልቅ ሰው የሚያነበው ቃል አድራሻው ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል። ያንን ቃል «ስለግ» ይሉታል፤ እሱም የጋዜጠኞች ቃል ነው። ርዕሱን ወስዶ፣ ነጥቡን አራግፎ፣ ቃላቱን በሰረዝ ያያይዛል።

ችግሩ ስለግ ሲወለድ ለላቲን ፊደል ብቻ ነው የታሰበው። በጃንጎ ውስጥ አማርኛ የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሦስቱም እዚህ ፕሮጀክት ላይ ተገኝተዋል።

መጀመሪያ ርዕስን ወደ ስለግ የሚቀይረው «ስለጊፋይ» የሚባለው ፈንክሽን። «ዶሮ ወጥ» ብዬ ሰጠሁት፤ ባዶ መለሰልኝ። ምንም የለም። ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ውጭ ያለውን ሁሉ ይጥላልና ከአማርኛ ርዕስ የሚተርፍ ነገር የለም። ስህተት ብሎም አይጮህም። «አላው ዩኒኮድ» (የሌሎችን ቋንቋዎች ፊደል ፍቀድ) የሚለውን ምርጫ ትሩ ሳደርገው «ዶሮ-ወጥ» ብሎ በትክክል መለሰ።

ሁለተኛው ዳታቤዙ ላይ ያለው «ስለግፊልድ» ነው። እሱም ያንኑ ምርጫ ለብቻው ይፈልጋል። ካልተሰጠው አድሚን ገጹ ላይ ርዕሱን ሲጽፉ ስለጉ አብሮ አይሞላም፤ በእጅ ቢጽፉትም አይቀበልም። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ሲቸገር የተወሰኑትን በላቲን ፊደል በእጁ ሞላ። የቀሩት ከኤክሴል በስክሪፕት ሲገቡ ባዶ ሆነው ቀሩ።

የላቲኑም ነገር መፍትሔ አልሆነም። «ወጥ» የሚለውን ቃል አንድ ቦታ በኢ፣ ሌላ ቦታ በኦ ጽፎታል። ሰው ሁሉ የሚስማማበት የላቲን አጻጻፍ ስለሌለን አንባቢውም መገመት አይችልም። አቋሜን ያጠናከረልኝ ይህ ነው።

የ500ውም ምክንያት እነዚህ ባዶ ስለጎች ናቸው። የዝርዝሩ ገጽ ለእያንዳንዱ ምግብ ሊንክ ይሠራል። ባዶ ስለግ ጋ ሲደርስ ጃንጎ በባዶ ቃል አድራሻ መሥራት አልችልም ይላል፤ «ኖሪቨርስማች» ይባላል። የሚያሳዝነው አንዱ ምግብ ብቻ ቢበላሽም ገጹ በሙሉ ይወድቃል። የኤረሩን መልእክት ልብ ብሎ ያነበበ ሰው በቅንፉ ውስጥ ባዶ ጥቅስ ያያል። ያ ባዶ ጥቅስ ነው ሁሉን ነገር የሚናገረው፤ ለዚህ ስህተት ጥፋተኛው አድራሻ ፋይሉ አይደለም፣ የተሰጠው ዳታ ነው ባዶ የሆነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው አድራሻ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነው። ጃንጎ 2.0 ላይ «ፓዝ» የሚባለው አጻጻፍ ሲመጣ «ኮንቨርተር» የሚባሉ የአድራሻ ቃል አጣሪዎች አብረውት መጡ። «ኢንት» ለቁጥር፣ «ስትር» ከስላሽ በስተቀር ለማንኛውም ቃል፣ «ስለግ» ለስለግ። ይህ ሦስተኛው ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥር፣ ከሰረዝና ከሥር ሰረዝ ሌላ አያሳልፍም። ዳታቤዙ ላይ ዩኒኮድ ቢፈቀድም እሱ አያውቅም። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው የሚነጋገሩ ይመስላል፤ አይነጋገሩም። በዚህ የተነሳ ነው በላቲን የተሞሉት ምግቦች ሲከፈቱ በአማርኛ የተጻፉ አድራሻዎች 404 የሚሰጡት።

«ስለግ»ን በ«ስትር» መተካት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የራሴን ኮንቨርተር ጻፍኩ። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ የሚያሳልፈውን ንድፍ፣ ከአድራሻ ወደ ፓይተን የሚቀይር፣ ከፓይተን ወደ አድራሻ የሚመልስ። ንድፉን ከ1200 እስከ 137ኤፍ ባለው የዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ሰንጠረዥ ልወስነው አስቤ ተውኩት። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደላት ከዚያ ሰንጠረዥ ውጭ፣ ተጨማሪው ላይ ናቸው። ክትፎ ያለበት ድረገጽ የጉራጌን ፊደል ሊዘጋ አይገባም። ስለዚህ ማንኛውንም ፊደልና ቁጥር እንዲቀበል አደረግሁት።

አንድ ነገር ቀረ። አክስቴ ደብተሯ ላይ ቃላትን የምትለየው በሁለት ነጥብ ነው። ልጇም እንዳለ ገልብጦታል። ስለጊፋይ ደግሞ «፡»ን እንደ ክፍተት አያየውም፤ ሥርዓተ ነጥብ ነው ብሎ ይጥለዋል። «ዶሮ፡ወጥ» ተጣብቆ «ዶሮወጥ» ይሆናል። «ሽሮ/ተጋቢኖ» የሚለውም ርዕስ እንዲሁ ይጣበቃል። ስለግ ከመሠራቱ በፊት ሁለቱን ምልክቶች በባዶ ቦታ የሚተካ አንድ መስመር ጨመርኩ። ሁሉንም ስለጎች እንደገና አሠራሁ። ዝርዝሩ ተከፈተ።

ዓርብ

«ዓሣ ጥብስ» ከዝርዝሩ ላይ ሲጫኑት ይከፈታል። በእጅ ሲጻፍ ግን ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው አይከፈትም።

«እቴቴ፣ ዓሣን እንዴት ነው የምትጽፊው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በዓይኑ ዓ፣ በንጉሡ ሣ ነዋ! ልጆቹ ግን እንደመጣላቸው ነው የሚጽፉት።»

ነገሩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ። ሲባዛ 8 አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ለኮምፒውተሩ ግን 8 የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ጃንጎ የተሰጠውን ፊደል ካላገኘ 404 ይላል፤ ትክክል ነው፤ የእኛን ሞክሼ ፊደላት ማን ነግሮት? እኛ ነን መንገር ያለብን።

የነገርኩት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ምግብ ከስለጉ ሌላ አንድ «ቁልፍ» የሚባል ዓምድ ኖረው። ቁልፉ ላይ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ይታጠፋሉ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ራብዖቹ ሃ እና ኣ ደግሞ ወደ ግዕዞቹ ሀ እና አ። አንባቢው የጻፈው ቃል በተመሳሳይ መንገድ ታጥፎ ከቁልፉ ጋር ይመሳከራል።

ሰንጠረዡን በእጅ ፊደል በፊደል መጻፍ አያስፈልግም። በዩኒኮድ ላይ ቤቶቹ በሥርዓት ነው የተደረደሩት። ከሠ ቤት ወደ ሰ ቤት ያለው ርቀት ለሁሉም ሆሄ 16 ነው። ከሐ ወደ ሀም 16 ነው። ከኀ ወደ ሀ 128፣ ከዐ ወደ አ 48፣ ከፀ ወደ ጸ 8። ጥቂት ሉፕ ሁሉንም ይሠራል። ሲሠራ ሳየው ደስ አለኝ፤ ፊደላችንን እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ያስገቡት ሰዎች በጥንቃቄ እንደሠሩት ያሳያል።

ከዚያ ወሳኙ ነገር መጣ። በየትኛውም አጻጻፍ ቢመጣ ገጹን ዝም ብዬ አልከፍትም። አክስቴ በጻፈችው አጻጻፍ ወዳለው አድራሻ ሪዳይሬክት አደርጋለሁ። «/ምግብ/አሳ-ጥብስ/» ብሎ የገባ ሰው «/ምግብ/ዓሣ-ጥብስ/» ላይ ያርፋል። አንድ ምግብ አንድ አድራሻ ብቻ ይኖረዋል፤ ጉግልም ስምንት ገጽ አድርጎ አይቆጥረውም። ሪዳይሬክቱን ለጊዜው 302 (ጊዜያዊ) ነው ያደረግሁት። 301ን (ቋሚውን) ብራውዘር ያስታውሰዋልና አክስቴ ነገ አጻጻፉን ብትቀይር አሮጌው መንገድ በሰው ስልክ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። አጻጻፉ ሲረጋ 301 ይሆናል።

ቁልፉን «ዩኒክ» (አይደገም) ስል ሁለት ምግቦች ተጋጩ። ያው አንዱ ምግብ ነው፤ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ የገባ። አክስቴ አይታ አንዱን አጠፋች።

ዓርብ ማታ

ስለ ሊንክ ማጋራት። የአማርኛ አድራሻ ብራውዘር ላይ ያምራል፤ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት ግን የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ሰልፍ ይሆናል። አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ላይ 3 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «ዶሮ-ወጥ» ብቻ 37 ምልክት ይወስዳል። ሲጫኑት ይከፈታል፣ ግን ለዓይን ይከብዳል።

ለዚህ ብሎ ወደ ላቲን መሄድ አልፈልግም። የማጋሪያው አዝራር የምግቡን ቁጥር ብቻ የያዘ አጭር አድራሻ እንዲሰጥ አደረግሁ። ቁጥሩን የነካ ሰው ወደ አማርኛው ሙሉ አድራሻ ይሻገራል።

ቅዳሜ

«/ምግብ/ፍለጋ/» 404 ይላል። አድራሻው ግን ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል።

ላፕቶፕ ላይ ዲበግን ከፍቼ አየሁት። የጃንጎ 404 ገጽ ሁለት መልክ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው «እነዚህን አድራሻዎች በዚህ ተራ ሞከርኩ፣ አንዱም አልገጠመም» ብሎ ዝርዝሩን ያወጣል። ያ የአድራሻ ፋይል ችግር ነው። ሁለተኛው «እንዲህ ያለ ምግብ አላገኘሁም» ይላል። ያ ማለት አድራሻው ገጥሟል፣ ቪው (ገጹን የሚያዘጋጀው ኮድ) ላይ ደርሷል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የጠፋው። የእኛ ሁለተኛው ነው። ጃንጎ «ፍለጋ» የሚባል ምግብ እየፈለገ ነበር!

ጃንጎ አድራሻዎቹን ከላይ ወደ ታች ያያል፤ የገጠመው መጀመሪያ ላይ ይቆማል። «ምግብ» ከሚለው በኋላ ማንኛውንም ቃል የሚቀበለው መስመር ከላይ ተጽፏል፤ ከሱ በታች ያለ «ፍለጋ» ተራው አይደርሰውም። ቁርጥ ያሉትን አድራሻዎች ከላይ፣ ቁጥር የሚቀበለውን ከመሀል፣ ሁሉን የሚቀበለውን ከታች አደረግሁ። በተጨማሪም «ፍለጋ» እና «ጾም» የሚሉት ለምግብ ስም እንዳይሰጡ ፎርሙ ላይ ከለከልኩ።

ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የነካው ቀጣዩ ነው። በየምግቡ ሥር ተማሪዎቿ ጥያቄ የሚጽፉበት ፎርም አለ። አክስቴ «ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ሰዉ አላነበበውም መሰለኝ» ትል ነበር። ሰዎች ግን ጽፈው ነበር። ኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ ፖስት የተደረጉ (በፎርም የተላኩ) ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም 301 ተመልሶላቸዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የፎርሙ አድራሻ ቴምፕሌቱ ላይ በእጅ ተጽፏል፤ መጨረሻው ላይ ስላሽ የለውም። ጃንጎ «አፔንድ ስላሽ» የሚባል ሴቲንግ አለው፤ ካልነኩት ትሩ ነው። አድራሻ ካልገጠመና ስላሽ ሲጨመርበት የሚገጥም ከሆነ ወደዚያ 301 ይልካል። ገጽ ለሚከፍት ሰው ጥሩ ነው። ፎርም ለሚልክ ሰው ግን ብራውዘሩ 301 ሲደርሰው ፖስቱን ወደ ጌት (ተራ ገጽ መክፈቻ ጥያቄ) ይቀይረዋል፤ የተጻፈው ጽሑፍ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሰውየው ገጹ ሲከፈትለት የተላከ ይመስለዋል። ሰርቨሩ ላይ አንዲት ኤረር አትጻፍም። ዲበግ ትሩ ሲሆን ጃንጎ ራሱ ቆሞ ይህንን በግልጽ ይናገራል፤ ፎልስ ሲሆን ዝም ይላል።

በእጅ የተጻፉ አድራሻዎችን ከቴምፕሌቶቹ ሁሉ ለቅሜ በ«ዩአርኤል» ታግ ተካሁ። ታጉ አድራሻውን ከራሱ ከአድራሻ ፋይሉ ስለሚሠራው ስላሽ አይረሳም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎርም ፖስት ልኮ 301 ከተመለሰ የሚወድቅ አጭር ቴስት ጻፍኩ። የጠፉት ጥያቄዎች ግን አይመለሱም፤ ሎግ ላይ አድራሻው እንጂ ጽሑፉ አይቀመጥም። አክስቴን ደውዬ ነገርኳት። «እንዲያው ልጆቹ ጠይቀውኝ ነበር ማለት ነው?» አለችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በቴሌግራም ግሩፗ ላይ እንደገና ጻፉልኝ ብላ ለጠፈች።

እሑድ

የመጨረሻው ሥራ ፎንቱና ካሹ (ብራውዘሩ የሚያስቀምጠው ቅጂ) ነው። ማክሰኞ የቀየርኩት ሲኤስኤስ በአንዳንድ ስልክ ላይ እስከዛሬ አሮጌው ነው። ብራውዘሩ የያዘውን ፋይል ስሙ እስካልተቀየረ ድረስ መጣል አይፈልግም።

ጃንጎ ለዚህ «ማኒፌስት ስታቲክፋይልስ ስቶሬጅ» አለው። ኮሌክትስታቲክ ሲሠራ የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት አስልቶ 12 ምልክት ያለው መለያ ስሙ ላይ ይጨምራል። ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል፤ ብራውዘሩም አዲሱን ያመጣል። ስለዚህ ኤንጂንኤክስ ፋይሎቹን ለአንድ ዓመት ያዛቸው ብሎ ለብራውዘሩ መንገር ይችላል። ዳታ በጥንቃቄ ለሚጠቀም አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፎንቱ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው። ሴቲንጉ ከ4.2 ጀምሮ «ስቶሬጅስ» በሚለው ውስጥ ነው የሚጻፈው፤ የድሮው አጻጻፍ 5.1 ላይ ተወግዷል። የድሮ ትምህርት እያየ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ስከፍተው ኮሌክትስታቲክ ወደቀ። ሲኤስኤሱ ውስጥ የሌለ የፎንት ፋይል ተጠርቷል። ማኒፌስቱ ሲኤስኤስ ውስጥ የተጠሩትን ፋይሎች ሁሉ ስለሚያጣራ አንዱ ከጎደለ አላልፍም ይላል። አማርኛው በአንዳንድ ስልክ ላይ በተጻፈው ፎንት የማይመጣው በዚህ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገባሁ፤ ሲኤስኤሱ ላይ ለኢትዮጵያ ፊደል ብቻ እንዲሠራ ወሰንኩት። ትእዛዙ አለፈ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ማኒፌስቱ የሚያገለግለው በ«ስታቲክ» ታግ ለተጠሩ ፋይሎች ነው፤ ቴምፕሌት ላይ በእጅ የተጻፈ የፋይል አድራሻ አሮጌውን ስም እንደያዘ ይቀራል። ሌላው፣ ጉኒኮርን ማኒፌስቱን የሚያነበው ሲነሳ ነው። ከእያንዳንዱ ኮሌክትስታቲክ በኋላ ሪስታርት ካልተደረገ አዲስ የተጨመረን ፋይል አላውቀውም ብሎ 500 ይሰጣል። ሁለቱን ትእዛዞች አንድ ስክሪፕት ውስጥ አከታትዬ አስቀመጥኳቸው፤ የአክስቴ ልጅም ሲመጣ እሱኑ ብቻ ይጠቀማል።

ቴስቶቹ ሁሉ አለፉ። 8ቱም የዓሣ አጻጻፎች አንድ ገጽ ላይ ያርፋሉ። የጥያቄ ፎርሙ ላይ የመጀመሪያው መልእክት ገብቷል፤ ከቤይሩት ነው፣ ስለ በርበሬ አደላለዝ። አክስቴ መልሱን እየጻፈች ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጾም ምግቦችን ለብቻ የሚያወጣውን ገጽ እጀምራለሁ፤ አድራሻው «/ምግብ/ጾም/» ነው፣ ፋይሉ ላይ ቦታው ከላይ ተይዟል።